ሦስቱን ሞጁል ያቃጠለው ማነው? «ኦሪጅናሉን አትንኩ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

አንድ ወዳጄ «አንብበውና ደምህን አፍላ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። ደሜስ አልፈላም፤ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጽሑፉ የሚያወራው በአየር ስለሚቀዘቅዙት የድሮ ቢ ኤም ደብሊው ሞተር ሳይክሎች ነው። በተለይ ለረጅም መንገድ ስለተሠራው አር 100 አር ቲ። ጸሐፊው የ1979 ሞዴል አላቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መልእክታቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከፋብሪካው ውጭ የተሠራ ኢግኒሽን ሞጁል (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዝ ሳጥን) አይታመንም፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይጥላችኋል። ወይ በፑንቲና ሂዱ፣ ወይ ፋብሪካው ራሱ በገጠመው ኤሌክትሮኒክስ ሂዱ። ለዚህ አምስት ነጥብ ይደረድራሉ። ምስክር አድርገው የሚያቀርቡት ደግሞ ራሳቸውን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሞጁል አቃጥለዋል።

እኔ ሞጁል አልሸጥም። ፍራንክፈርት አካባቢ የምኖር፣ የ1983 አር 100 አር ቲ ያለኝ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ቆይተናል፤ ከብዙ ትዳር ይበልጣል።

ነገሩ አዲስ ለሚሆንበት አንባቢ ጥቂት ልበል። ካንዴላ ብልጭ እንዲል ኮይሉ (ቮልት የሚያበዛው የሽቦ ጥቅል) ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በትክክለኛዋ ቅጽበት መቆረጥ አለበት። ሲቆረጥ ኮይሉ 12 ቮልቷን ወደ 20 ሺህና 30 ሺህ ቮልት ያዘልላታል። ድሮ የሚቆርጠው ፑንቲና ነበር። ሁለት ትንንሽ ብረቶች ናቸው፤ ይነካካሉ፣ ይለያያሉ። ሞጁል ማለት ያንኑ ሥራ በትራንዚስተር የሚሠራ ሳጥን ነው። መቼ እንደሚቆርጥ የሚነግረው ማግኔት የሚለይ ሴንሰር ነው፤ ሆል ሴንሰር ይባላል። ቢ ኤም ደብሊው በነዚህ ሞተሮች ላይ ወደዚህ የዞረው ከ1981 ሞዴሎች ጀምሮ ነው። የጸሐፊው ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ የወጣው በፑንቲና ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«የፋብሪካው ዕቃ ተፈትኖ የወጣ ነው፤ የሌላው ግን ማን እንደሠራው አይታወቅም» ይላሉ። ይሄ የመጀመሪያው ነጥባቸው ነው።

ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሰው «ኦሪጅናል» የምትባለዋን ቃል በደንብ ያውቃታል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲልህ የሚያወራው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ዋጋው ነው። እዚህም ያው ነው። የፋብሪካው ሞጁል ላይ የተጻፈው ስም የቢ ኤም ደብሊው አይደለም፤ የቦሽ ነው። ያው ዓይነት ሞጁል የዚያን ዘመን ቮልስዋገን ጎልፍ ላይ ነበር። ባለ ሞተሮች ለዓመታት ከተጣለ ጎልፍ ላይ እየነቀሉ ሲገጥሙ ኖረዋል። የእሱን የጥራት ደረጃ አልጠራጠርም። ግን «ኦሪጅናል» ማለት «ፋብሪካው ራሱ አብስሎ ያወጣው» ማለት እንዳልሆነ እንወቅ። ገዝቶ ነው የገጠመው።

ዕድሜም አለ። የዚህ ትውልድ የመጨረሻው ቦክሰር (ሁለት ሲሊንደሩ ግራና ቀኝ የተጋደመ ሞተር) ከፋብሪካ የወጣው በ1996 ነው። የእኔው ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያን ጊዜ ተፈትኖ ያለፈ ሞጁል ዛሬም ያንኑ ፈተና ያልፋል ያለው ማነው? 40 ዓመት የሞቀና የቀዘቀዘ ብየዳ በወጣትነቱ ልክ አይሠራም። ጸሐፊው ሲያወዳድሩ የትናንቱን ኦሪጅናል ከዛሬው ተለዋጭ (ከፋብሪካው ውጭ ከተሠራው) ጋር ነው የሚያወዳድሩት። መወዳደር ያለበት የዛሬው ከዛሬው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ሦስቱ ሞጁሎች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የጽሑፉ እምብርት ይሄ ስለሆነ።

አንድ ሞጁል ቢቃጠል «ሞጁሉ መጥፎ ነበር» እላለሁ። ሁለተኛው ሲቃጠል እጠረጥራለሁ። ሦስተኛው እዚያው ሞተር ሳይክል ላይ ሲቃጠል ግን ጣቴን የምቀስረው ሞተር ሳይክሉ ላይ ነው። ሦስቱም የተለያየ ሠሪ ዕቃ እንደነበሩ ራሳቸው ጽፈዋል። ሦስት የማይተዋወቁ ሠሪዎች እሳቸውን ለማስለቀስ ተመካክረው ነው?

ፍንጩን የሰጡን ደግሞ እሳቸው ናቸው። አራተኛው አንቀጽ ላይ እግረ መንገዳቸውን አንድ ነገር ይላሉ። ሞጁሉን ሲገጥሙ «አብሬ ጠንካራ የስፖርት ኮይል አስገባሁ» ይላሉ። ከዚያ አልፈውት ይሄዳሉ። እኔ ግን አላልፈውም።

የ1979ኙ ሞተር ሳይክል ሲመጣ የነበረው ሁለት ባለ 6 ቮልት ኮይል ነው፤ በተከታታይ የተያያዙ። አንድ ላይ ለኤሌክትሪክ የሚሰጡት ተቃውሞ ወደ 3 ኦም ይጠጋል፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር የሚያልፈው አምፒር ይበዛል። ባትሪው 12.6 ቮልት ቢሆን ለ3 ሲካፈል 4.2 አምፒር ይመጣል። የፑንቲናን ቦታ የሚተካ ቀላል ሞጁል የተሰናዳው ለዚህ መጠን ነው። «ጠንካራ» ተብለው ከሚሸጡት ኮይሎች ብዙዎቹ ግን ከ1 ኦም በታች ናቸው። 0.7 ነው እንበል። 12.6 ለ0.7 ሲካፈል 18 አምፒር ይሆናል። ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አንድ ኩንታል የለመደ ትከሻ ላይ አራት ኩንታል መጫን ማለት ነው።

በርግጥ ኮይል እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አምፒሩ 18 ሳይደርስ ይቆረጣል። በዝግታ ሲዞር ግን በቂ ጊዜ ያገኛል። እና ጸሐፊው ሞጁሎቹ የት ሞቱ አሉ? አንዱ የትራፊክ መብራት ላይ። ሌላው መንገድ ተዘግቶ ሲጠብቁ። ሦስተኛው ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ስልክ ሲያወሩ። ሦስቱም ቦታ ሞተሩ ወይ ቀስ ብሎ የሚዞርበት ወይ የቆመበት፣ ነፋስም የሌለበት ነው። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ሲከፈት አንዳንድ ቀላል ሞጁሎች ኮይሉን ሳያቋርጡ ይመግቡታል። ስልኩ በረዘመ ቁጥር ሞጁሉ ይጠበሳል።

«ታዲያ ከ1981 በኋላ የመጣው የፋብሪካው ኮይልስ ዝቅተኛ ኦም አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው። ግን የፋብሪካው ሞጁል አምፒሩን ራሱ ይገድባል። ሞተሩ ካልዞረም ያቋርጣል። ኮይሉና ሞጁሉ ተለክተው የተጋቡ ናቸው። ጸሐፊው ያለ ሽማግሌ ነው ያጋቧቸው።

ሌላም አለ። ሞጁል መሞቱን ለማረጋገጥ ብለው የሚሰጡት ምክር አስደንግጦኛል። «የካንዴላውን ክዳን ንቀሉና በአየር ላይ ይዛችሁ ሞተሪኖውን ምቱ፤ ብልጭታ ካለ ታያላችሁ» ይላሉ። ወንድሞቼ፣ ይሄን አታድርጉ። ያ ሁሉ ሺህ ቮልት መውጫ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ካጣ የኮይሉን ሽፋን ሰንጥቆ ወይም ትራንዚስተሩን በስቶ ይወጣል። ካንዴላውን ክዳኑ ውስጥ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፤ ከዚያ ሞክሩ። በፑንቲና ዘመን ይሄ ስህተት ብዙ ጊዜ ይቅር ይባል ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ግን ይቅርታ አያውቅም። ከሦስቱ አንዱ ሳይሞት በምርመራ ላይ ተገድሎ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ የፑንቲና ውዳሴ ነው። «ፑንቲና መንገድ ላይ በሞረድ ይስተካከላል፤ ሞጁል ግን አይጠገንም።»

ይሄ ልቤን ይነካኛል፤ አልዋሽም። የአዲስ አበባን የሰይቼንቶ ታክሲ ያስታወሰ ሰው ሾፌሩ በካቻቢቴና በሲጋራ ፓኮ ካርቶን ፑንቲና ሲያስተካክል አይቷል። ካርቶኗ በሁለቱ ብረቶች መሀል ገብታ ሳትጨናነቅ ከወጣች ክፍተቱ ልክ ነው ይባላል። በነዚህ ቢ ኤም ደብሊዎች ላይ የሚፈለገው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የካርቶኗ ሳይንስ ያን ያህልም አይርቅም።

ደግሞም እውነት አላቸው። ፑንቲና ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው። መጀመሪያ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል፣ ከዚያ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይቀንሳል። ታሞ ነው የሚሞት። ሞጁል ግን ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሎ እያወራ ነው የሚሞት።

ግን አንድ ነገር ረስተዋል። ፑንቲና ብቻውን አይሠራም፤ ጎኑ ኮንደንሰር አለ፣ ብረቶቹ ሲለያዩ እንዳይቃጠሉ የሚጠብቅ ትንሽ ዕቃ። ኮንደንሰር በሞረድ አይስተካከልም። ሲሞት እንደ ሞጁል ድንገት ነው የሚሞት፤ ካልሆነም ሲሞቅ እየጠፋ ሲቀዘቅዝ እየተመለሰ ያሳብድሃል። ዛሬ በአዲስነት የሚሸጡት ኮንደንሰሮች ደግሞ የድሮዎቹ ዓይነት አይደሉም ብሎ የማያማርር የድሮ ሞተር ባለቤት አላጋጠመኝም። የፑንቲናዋ እግር በየኪሎ ሜትሩ ትበላለች፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ብልጭታው ይዘገያል። ለእሁድ ሽርሽር ችግር የለውም። ከፍራንክፈርት ተነስቶ ደቡብ ጣልያን ለሚሄድ ሰው ግን በየማታው ሆቴል በር ላይ ተንበርክኮ ክፍተት መለካት ደስታው ያልቃል።

አራተኛው ነጥብ ሙቀት ነው። «ኤሌክትሮኒክስ ሙቀት አይችልም» ይላሉ። ትክክል። ታዲያ የፋብሪካው ኤሌክትሮኒክስ ከምን ተሠርቶ ነው የሚችለው?

የፋብሪካው ሞጁል ነዳጅ ታንከሩ ስር፣ ፍሬሙ ላይ ነው የተቀመጠው። ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያስተላልፍለት ከስሩ የተቀባ ነጭ ቅባት ነው። ቅባቱ በጊዜ ብዛት ይደርቃል። ከደረቀ ሙቀቱ መውጫ የለውም። የእኔ ሞጁል ምንም አላለም ነበር፤ ለጥንቃቄ ብዬ ብቻ ነው አንድ ቅዳሜ የፈታሁት። ሁለቱን ቡሎን አውጥቼ ሳነሳው ቅባቱ እንደ ደረቀ ኖራ ተፈርፍሮ ጣቴ ላይ ቀረ። በጨርቅ ጠርጌ፣ በአልኮል አጽድቼ፣ አዲስ ስስ ቅባት አድርጌ መለስኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ይሄ ሥራ ተረስቶ «ሞጁሉ ሞተ» የተባለለት ስንት ሞተር ሳይክል እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ሆል ሴንሰሩ ደግሞ የተቀመጠው በሞተሩ የፊት ሽፋን ውስጥ ነው። እዚያው ዲናሞውም ዳዮዶቹም አሉ፤ እውነተኛ ምድጃ ነው። አር ቲ ላይ ደግሞ ከዝናብ የሚከላከለው ትልቁ የፊት ጋሻ ነፋሱን ያዛባል። በሙቀት የደከመ ሴንሰር ጠባዩ የታወቀ ነው። ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። መመርመሪያውም ቀላል ነው፤ የፀጉር ማድረቂያ። ሽፋኑን ፈትተህ፣ ካንዴላውን ከሞተሩ አካል አስነክተህ፣ ሴንሰሩን ቀስ እያልክ ታሞቃለህ። ሞተሪኖውን ስትመታ ብልጭታው ከጠፋ፣ ሲቀዘቅዝም ከተመለሰ፣ ጥፋተኛውን ይዘኸዋል። ባለቤቴ ማድረቂያዋን ጋራዥ ውስጥ ስታገኘው ምን እንዳለች ለሌላ ቀን።

ስለዚህ ሙቀት የተለዋጭ ሞጁል ጠላት ብቻ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ተለዋጮች ሳጥኑን ከሞተሩ ርቆ፣ ነፋስ ከሚያገኝበት ቦታ ለመግጠም ዕድል ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር፤ አለበለዚያ ሁሉን ያወቅኩ እመስላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተለዋጮቹ አንዱን ገጠምኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ከኢንስብሩክ ወደ ብሬነር፣ ኦስትሪያንና ጣልያንን ወደሚያገናኘው የተራራ መተላለፊያ፣ ስወጣ ሞተሩ መንጠቅ ጀመረ። የሚገርመው አነጣጠቁ ነው። ወደ ዳር ለመውጣት ፍሬቻ ሳበራ ከፍሬቻው ጋር እኩል ይነጥቃል። ጠቅ፣ ነጠቅ። ጠቅ፣ ነጠቅ። ፍሬቻውን ሳጠፋው ሞተሩ ይስተካከላል። መንገድ ዳር ቆሜ ሞጁሉን፣ ሠሪውን፣ የሠሪውን ዘር ማንዘር ሰደብኩ። በኋላ ቴስተሬን አውጥቼ ስለካ የሞጁሉን ግራውንድ (ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰውን ሽቦ) ያሰርኩት ቀለም የተቀባ ፍሬም ላይ ነው፤ ለዚያውም ከፍሬቻው ግራውንድ ጋር በአንድ ቡሎን። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አልፋቅኩትም ነበር። ከሻንጣዬ ሽቦ አውጥቼ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ወሰድኩት። ብሬነርን አልፌ፣ ቬሮና ደርሼ፣ ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። ያ ሞጁል ዛሬም አለ።

ያን ቀን ቴስተር ባልይዝ ኖሮ እኔም «ተለዋጭ ሞጁል አይታመንም» የሚል ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ምናልባትም ከጸሐፊው አስረዝሜ።

የፖዘቲቩም ጉዳይ ያው ነው። ወደ ኮይሉ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በቁልፉና በማጥፊያው አልፎ፣ የ40 ዓመት መገጣጠሚያዎችን ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ኮይሉ አምፒር እየወሰደ ሳለ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መንገድ ላይ የሚሰርቅ አለ። አንዳንድ የቆዩ ሞጁሎች ቮልቱ ሲወርድ ጊዜያቸውን ይስታሉ። ባትሪ ደክሞ ሞተሪኖው ሲጎትተው 9 ቮልት ቢደርስ ሳጥኑ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ከባትሪው በቀጥታ ተመግቦ ለኮይሉ የሚያቀብል አንድ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ነገሩን ይፈታዋል።

አምስተኛው፣ «ጉልበት አይጨምርም»። አዎ፣ አይጨምርም። በደንብ የተስተካከለ ፑንቲናም ያንኑ ፈረስ ይሰጣል። በዚህ አንጣላም። «15 በመቶ ይጨምራል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገጹን ገልብጡት።

መጨረሻ ላይ «ትርፍ ሞጁል ይዞ የሚሄድ ሰው በሞጁሉ አያምንም ማለት ነው» ብለው ይቀልዳሉ። እኔ ትርፍ እይዛለሁ። ትርፍ ከመነዳሪም ይዤ እሄዳለሁ፤ በጎማዬ ስለማላምን ግን አይደለም። ቅድም እንዳልኩት ሞጁል ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። መዳፍ የምታህል ሳጥን ሻንጣ ውስጥ መጣል ምን ይከብዳል? የፑንቲናን ሳህን (ፑንቲናው የሚታሰርበትን ብረት) ብቻ የሚተካ ሞጁል የገጠመ ሰውማ ከኔም የታደለ ነው። የፈታውን የድሮውን ሳህን ከነኮንደንሰሩ ጠቅልሎ ይያዝ። ሞጁሉ ቢሞት መንገድ ዳር መልሶ ይገጥመዋል። ጸሐፊው የሚወዱት ፑንቲና ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ለምን ተጎትተው እንደመጡ አልገባኝም።

ሁሉንም ተለዋጭ እየደገፍኩ አይደለም። ርካሽ ብዬ የገዛሁት አንዱ ሳጥን በሦስተኛው ወር ሞቶብኝ ስከፍተው ብየዳው ፀጉር በሚያህል መስመር ዙሪያውን ተሰንጥቆ አገኘሁት። የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሳጥን ይሄን የሰማም አይመስልም። ከዚያ ወዲህ ከመግዛቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሠሪው የኮይሉን ዝቅተኛ ኦም በቁጥር ጽፎታል? ሞተሩ ሲቆም ኮይሉን ያቋርጣል? ሴንሰሩ ለብቻው ይሸጣል ወይስ ሲበላሽ ሙሉውን ግዛ ነው የሚሉኝ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣሁ ሁለተኛውን አልጠይቅም።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልለምን። ያ የስፖርት ኮይል አሁንም ሞተር ሳይክሉ ላይ ከሆነ ሁለቱን ቀጭን ሽቦዎች ይንቀሉለት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ያስነኩ። 0.2 ወይም 0.3 ያሳያል፤ ያ የሽቦዎቹ ነው፣ ይቀነሳል። ከዚያ ኮይሉን ይለኩ። የሚወጣውን ቁጥር ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። ከ3 በላይ ከሆነ ኮይሉን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ተጠርጣሪ እፈልጋለሁ።